ሃቲ ማክዳኒኤል፦ የመድረክ፣ የሬዲዮና የፊልም ተዋናይት የሕይወትና የሥራ ታሪክ

ሃቲ ማክዳኒኤል በአሜሪካ የመድረክ፣ የሬዲዮና የፊልም ታሪክ ውስጥ በአጃቢ ገጸ ባሕርያት ትወና ከፍተኛ ስም ካተረፉ ባለሙያዎች አንዷ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 በተካሄደው 12ኛው የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት በምርጥ ረዳት ተዋናይት ዘርፍ በማሸነፍ ይህን ሽልማት የተቀበሉ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ለመሆን በቅተዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አጃቢ ተዋናይ የሚባለው የታሪኩ ዋና ባለቤት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጎረቤት፣ አክስት፣ ዳኛ፣ ነጋዴ ወይም የቤት ሠራተኛ ሆኖ የሚጫወት ባለሙያ ነው። በትዕይንቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ዝቅተኛ ነው። ሆኖም ተመልካች ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ሲሄድ ስሙን ሳያውቅ መልኩን የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ባለሙያ ነው። በሃቲ ዘመን ለአንዲት ጥቁር ተዋናይት ክፍት የነበረው በር ይኸው አጃቢነት ብቻ ነበር፤ ከአጃቢነትም የቤት ሠራተኛዋ ቦታ። እሳቸው በዚህ ጠባብ በር ገብተው የሠሩትና በዚሁ ምክንያት የደረሰባቸው ወቀሳ እስከ ዛሬ ድረስ ለባለሙያዎች የመወያያ ርዕስ ነው።

ትውልድና የቤተሰብ ሁኔታ

ሃቲ ማክዳኒኤል በካንሳስ ግዛት፣ በዊቺታ ከተማ ጁን 10 ቀን 1893 ተወለዱ። በብዙ ጽሑፎች የልደት ዘመናቸው 1895 ተብሎ የሚገኝ ቢሆንም ኋላ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚቀበሉት የቀድሞውን ነው። ለአሥራ ሦስት ልጆች የመጨረሻ ነበሩ። አባታቸው ሄንሪ ማክዳኒኤልም ሆኑ እናታቸው ሱዛን ሆልበርት በባርነት የተወለዱ ሲሆኑ፣ እናታቸው በቤተ ክርስቲያን መዝሙር የታወቁ ዘማሪ ነበሩ።

አባታቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፌዴራሉ ጦር ሥር ከተሰለፉት ጥቁር ወታደሮች አንዱ ነበሩ። በጦርነቱ የደረሰባቸው ጉዳት ከባድ የጉልበት ሥራ እንዳይሠሩ ስላደረጋቸው የወታደር ጡረታ እንዲከበርላቸው አመለከቱ። ጉዳያቸው ግን ለብዙ ዓመታት ሲመላለስ ቆየ። በባርነት የተወለደ ሰው የልደት ማስረጃ አልነበረውም፤ በጦር ሜዳ የታከመበትም መዝገብ በእጁ አይገኝም፤ የጡረታ ጽሕፈት ቤቱ የሚጠይቀው ደግሞ እነዚህኑ ሰነዶች ነበር። ይህ ጉዳይ በተዋናይቷ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፍ ቢሆንም የልጅነት ዘመናቸውን ለመረዳት ቁልፍ ነው። ቤተሰቡ ከካንሳስ ወደ ኮሎራዶ፣ በመጨረሻም ወደ ዴንቨር ከተማ የተዘዋወረው ኑሮን ለማሸነፍ ነበር። ልጆቹም ዘፈንና ቀልድን እንደ ትርፍ ሰዓት መዝናኛ ብቻ ሳይሆን እንደ እንጀራ ማግኛ አድርገው የያዙት በዚሁ ችግር ውስጥ ነው።

በዴንቨር ሃቲ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች በአንድነት በሚማሩበት ትምህርት ቤት ገቡ። በ1910፣ የኢስት ሃይስኩል ተማሪ ሳሉ፣ የሴቶች ክርስቲያናዊ የፀረ መጠጥ ማኅበር ባዘጋጀው የግጥም ንባብ ውድድር የሜዳሊያ ተሸላሚ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ትምህርታቸውን ትተው የቤተሰቡን የመድረክ ሥራ ተቀላቀሉ።

የመድረክና የሙዚቃ ሥራ

በወቅቱ በአሜሪካ ሰፊ ተመልካች የነበረው ሚንስትረል የሚባለው የመድረክ ትዕይንት ነው። ይህ ትዕይንት ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን በጥቀርሻ አጥቁረው ጥቁሮችን እያላገጡ ከሚያሳዩበት ልማድ የተነሣ ሲሆን፣ ጥቁር ባለሙያዎችም በኋላ የራሳቸውን ቡድን እየመሠረቱ ገብተውበታል። የሃቲ ታላቅ ወንድም ኦቲስ የመሩት ቡድን ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1914 ሃቲ ከእህታቸው ከኤታ ጋር ሆነው ተዋንያኑ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን የማክዳኒኤል እኅትማማቾች ቡድን አቋቋሙ። የሕይወት ታሪካቸውን ያጠኑ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት፣ ሃቲ በዚህ መድረክ ላይ ነጮች የፈጠሩትን የደስተኛ ጥቁር ሞግዚት ምስል መልሰው ይቀልዱበት ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በዓለም ያስጠራቸው ይኸው የሞግዚት ገጸ ባሕርይ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ቀላል አይደለም።

በ1911 ያገቧቸው የመጀመሪያ ባለቤታቸው ሃዋርድ ሂክማን በ1915 ሲያርፉ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወንድማቸው ኦቲስ አለፉ። ቡድኑም ተዳከመ። ሃቲ በመካከሉ በቤት ሠራተኝነትና በልብስ አጣቢነት እየሠሩ መድረኩን አልተዉም ነበር። ከ1920 ጀምሮ በዴንቨር ታዋቂ ከነበረው ከጆርጅ ሞሪሰን የሙዚቃ ጓድ ጋር በመዘዋወር የዘፈኑ ሲሆን፣ ከዚሁ ጓድ ጋር በዴንቨር ሬዲዮ ጣቢያ ድምፃቸው ተሰምቷል። ከ1926 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ውስጥም አብዛኛውን ራሳቸው የደረሷቸውን የብሉዝ ዘፈኖች ኦኬና ፓራማውንት ለተባሉ አሳታሚዎች በሸክላ አስቀርጸዋል።

የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት የመድረክ ሥራን በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሃቲ በሚልዋኪ ከተማ ነበሩ። ያገኙት ሥራ ሳም ፒክ በሚባሉ ባለሀብት የምሽት ክበብ ውስጥ የሴቶች መጸዳጃ ክፍል አገልጋይነት ብቻ ነበር። ክበቡ በመድረኩ ላይ የሚያቀርባቸው ነጮችን ብቻ ነው። ይሁንና አንድ ምሽት የመዝፈን ዕድል አግኝተው ታዳሚውን ስለማረኩ የክበቡ ቋሚ ዘፋኝ ሆኑ። በ1931 አስቀድመው ወደ ሎስ አንጀለስ የሄዱትን ወንድማቸውን ሳምንና እኅቶቻቸውን ተከትለው ወደ ሆሊዉድ አቀኑ።

የፊልም ሥራ አጀማመር

ሆሊዉድ ሲደርሱ ሥራ ወዲያው አልተገኘም። ወንድማቸው በሚሠሩበት የሬዲዮ ዝግጅት ላይ «ሃይ ሃት ሃቲ» በሚል ስም የአለቃቸውን ነገር ከቁም ነገር የማትቆጥር ደፋር ሠራተኛ ሆነው ቀረቡ። ዝግጅቱ ተወዳጅ ቢሆንም ክፍያው ለቤት ኪራይ እንኳ ስለማይበቃ በቀን በሰው ቤት እየሠሩ፣ በሬዲዮም የቤት ሠራተኛን እየተጫወቱ ቆዩ። በፊልም መታየት የጀመሩት በ1932 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብዙዎቹ ፊልሞች ስማቸው በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም። በአጠቃላይ ከ300 በሚበልጡ ፊልሞች እንደታዩ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ሲሆን፣ ስማቸው የሰፈረው ግን በ80 ገደማ ብቻ ነው።

በ1934 ጆን ፎርድ ባዘጋጁት «ጀጅ ፕሪስት» በተሰኘው ፊልም ከዝነኛው ዊል ሮጀርስ ጋር እየዘፈኑ የተጫወቱት ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ የብዙዎችን ትኩረት ሳበ። የፊልም ተዋንያን ማኅበር አባልም የሆኑት በዚያው ዓመት ነው። ቀጥሎ በ1935 ከሕፃኗ ተዋናይት ሸርሊ ቴምፕል ጋር «ዘ ሊትል ከርነል»፣ ከዣን ሃርሎና ከክላርክ ጌብል ጋር «ቻይና ሲስ» በተባሉ ፊልሞች ሠሩ።

ሙያቸውን ለመገምገም ለሚፈልግ ሰው ግን በዚያው ዓመት በጆርጅ ስቲቨንስ አዘጋጅነት የተሠራው «አሊስ አዳምስ» የተሻለ ማስረጃ ነው። በታሪኩ ውስጥ ድሃው የአዳምስ ቤተሰብ ለልጁ አጫጭ ሀብታም መስሎ ለመታየት ለአንድ ምሽት ብቻ ሠራተኛ ይቀጥራል። ማሌና የተባለችው ይህች ሠራተኛ በሃቲ ስትቀርብ ንግግር የላትም ማለት ይቻላል። ማስቲካ እያላመጠች፣ ራሷ ላይ የተደፋው ነጭ ቆብ ወደ ጎን እየተንሸራተተ፣ በዚያ የሚያፍን ሙቀት ትኩስ ምግብ እያግተለተለች ትገባለች፣ ትወጣለች። ቤተሰቡ ሊደብቀው የሞከረው ድህነት በሙሉ በእሷ አረማመድና ፊት ላይ ይነበባል። ማሌና የማታውቀው ነገር የለም፤ አትናገርም እንጂ። አጃቢ ተዋናይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት የሚሻ ወጣት ባለሙያ ይህን የእራት ትዕይንት ደጋግሞ ቢመለከት ይጠቀማል። የሃቲ ሠራተኞች አቀርቅረው የሚታዘዙ አልነበሩም፤ ይህም በደቡባዊ ግዛቶች የነበሩ አንዳንድ ነጭ ተመልካቾችን አስቀይሟል።

በ1936 በ«ሾው ቦት» ከታላቁ ድምፃዊ ከፖል ሮብሰን ጋር ተጣምረው ተጫውተዋል።

«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» እና የኦስካር ሽልማት

የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ ፊልም እንደሚለወጥ ሲታወቅ፣ ማሚ የተባለችውን የሞግዚት ቦታ ለማግኘት ብርቱ ፉክክር ተደረገ። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ሳይቀሩ በቤተ መንግሥቱ የሚሠሩትን ኤልዛቤት ማክዱፊን በመደገፍ ለፕሮዲዩሰሩ ለዴቪድ ሴልዝኒክ ጽፈው ነበር። ሃቲ ለፈተና ሲቀርቡ የእውነተኛ ቤት ሠራተኛ ልብስ ለብሰው እንደነበር ይነገራል። ቦታው ለእሳቸው ተሰጠ።

በዝግጅቱ ወቅት ጥቁር ጋዜጦችና ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋች ማኅበር በልብ ወለዱ ውስጥ ያለው የጥቁሮች አሳሳል በፊልሙ እንዳይደገም ግፊት አድርገዋል። በውጤቱም በጥቁሮች ላይ የሚሰነዘረው አስነዋሪው የስድብ ቃል ከጽሑፉ ወጥቷል። በአጠቃላይ ግን ፊልሙ የባርነትን ሥርዓት በናፍቆት የሚያይ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ የሃቲ ማሚ የራሷ ሚዛን ያላት ሰው ናት፤ የእመቤቷን ወገብ በኮርሴት እያጠበቀች የምትገሥጽ፣ የጌታውን ስጦታ ቀይ የውስጥ ቀሚስ ለመልበስ ሰውየውን መጀመሪያ የምትመዝን። ከሁሉም በላይ የሚታወሰው የሕፃኗ ቦኒ ሞት ከደረሰ በኋላ ማሚ ደረጃውን እየወጣች በቤቱ የሆነውን ለሜላኒ የምትናገርበት ትዕይንት ነው። በኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ አጠገብ በአንድ ረጅም ንግግርና በእንባ የቀረበው ይህ ክፍል ሽልማቱን እንዳስገኘላቸው ብዙዎች ይስማማሉ።

ፊልሙ ዲሴምበር 15 ቀን 1939 በጆርጂያ ግዛት፣ በአትላንታ ሲመረቅ ሃቲም ሆኑ ሌሎቹ ጥቁር ተዋንያን አልተገኙም። የግዛቱ የዘር መለያየት ሕግ ከነጮቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥን ይከለክል ነበር። በደቡብ ለሚሠራጨው የምረቃ መጽሔት የታሰበው ፎቶግራፋቸው እንኳ እንዲወጣ ተደርጓል። ክላርክ ጌብል በዚህ ተቆጥተው በምርቃቱ አልገኝም ብለው እንደነበርና ራሳቸው ሃቲ አግባብተው እንዲሄዱ እንዳደረጓቸው ይነገራል።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በሎስ አንጀለስ አምባሳደር ሆቴል ተካሄደ። ሆቴሉ ጥቁሮችን አያስተናግድም ነበር፤ ሃቲ የገቡት በሴልዝኒክ ልዩ ጥያቄ ነው። መቀመጫቸው ከፊልሙ ባልደረቦች ጋር ሳይሆን ከግድግዳው ሥር በተዘጋጀ ትንሽ ጠረጴዛ ሲሆን፣ አብረዋቸው የነበሩት አጃቢያቸውና ወኪላቸው ብቻ ነበሩ። ነጭ የጋርዲኒያ አበባ በጸጉራቸው ሰክተው ነበር። አሸናፊነታቸው ሲነገር የክፍሉን ርዝመት አቋርጠው ወደ መድረኩ ሄዱ። ካሸነፏቸው ዕጩዎች መካከል በዚያው ፊልም የተጫወቱት ደ ሃቪላንድ ይገኙበታል። በአጭር ንግግራቸው ለሕዝባቸውና ለፊልም ሙያ ኩራት ሆነው ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ገልጸው በእንባ ወረዱ።

የተሰጣቸው ዛሬ የሚታወቀው የወርቅ ሐውልት አልነበረም። በወቅቱ ረዳት ተዋንያን የሚቀበሉት የሐውልቱ ምስል የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ ነበር፤ ሙሉ ሐውልት ለእነሱም መሰጠት የጀመረው በ1944 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ነው። ከሃቲ በኋላ አንዲት ጥቁር ተዋናይት ኦስካርን ለመቀበል አምሳ አንድ ዓመት መጠበቅ አስፈልጓል፤ ይህም በ1991 የተሸለሙት ዉፒ ጎልድበርግ ናቸው።

ከሽልማቱ በኋላ የተነሣው ወቀሳ

ሽልማቱ አዲስ ዓይነት ሥራ አላስገኘላቸውም። ውላቸውን የያዙት ሴልዝኒክ በማሚ ልብስ በየከተማው እየዞሩ እንዲታዩ አደረጉ። የሚቀርቡላቸው ጽሑፎችም እንደ ቀድሞው የቤት ሠራተኛ ገጸ ባሕርያት ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ለየት የሚለው በ1942 ጆን ሂዩስተን ያዘጋጁት «ኢን ዚስ አወር ላይፍ» ነው። በዚህ ፊልም ሕግ የሚማር ልጇ ባልሠራው የመኪና አደጋ በሐሰት የተከሰሰባትን እናት በመሆን፣ የጥቁር ሰው ቃል በፖሊስ ፊት ምን ያህል ዋጋ እንደሌለው ያለ አንዳች ቀልድ አቅርበዋል።

በዚያው ዓመት የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ ዋና ጸሐፊ ዋልተር ዋይት ወደ ሆሊዉድ መጥተው ስቱዲዮዎቹ ጥቁሮችን በሠራተኛና በአላጋጭነት ብቻ ማሳየታቸውን እንዲያቆሙ ጠየቁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ የጥቁር ሕፃናት በሲኒማ የሚያዩት የወገናቸው መልክ ይኸው ብቻ መሆኑ ጉዳት ነበረው። ሃቲና የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አዩት። የሠራተኛው ቦታ ሲቀር በምትኩ የሐኪም ወይም የመምህር ቦታ አልተከፈተም፤ ስለ ሥራቸው ውሳኔ ሲሰጥም ያማከራቸው አልነበረም። በሳምንት ሰባት ዶላር የምታገኝ ሠራተኛ ከመሆን ሰባት መቶ ዶላር እየተከፈላቸው ሠራተኛን መጫወት እንደሚመርጡ የተናገሩት በተለያየ አነጋገር ይጠቀሳል። እሳቸው ሁለቱንም ሥራ ስለሠሩ ንግግሩ ለቀልድ የተባለ አይመስልም። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ ቁልፉ የነበረው ግን ከሁለቱም ውጭ፣ በስቱዲዮዎቹ ባለቤቶች እጅ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ሃቲ በሆሊዉድ የድል ኮሚቴ ውስጥ የጥቁር ባለሙያዎች ክፍል ሊቀ መንበር ሆነው ተለይተው ለሰፈሩ ጥቁር ወታደሮች ዝግጅት የሚያቀርቡ ቡድኖችን አደራጅተዋል።

የመኖሪያ ቤት ክርክር

ሃቲ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ዌስት አዳምስ ሃይትስ በተባለ ሰፈር ሰፊ ቤት ገዙ። ሰፈሩ ሹገር ሂል በሚል ቅጽል ስም ይታወቅ የነበረ ሲሆን፣ ተዋናይት ሉዊዝ ቢቨርስና ዘፋኟ ኤቴል ዋተርስን ጨምሮ ሌሎች ጥቁር ባለሙያዎችና ነጋዴዎችም ይኖሩበት ነበር። በአካባቢው ቤቶች የባለቤትነት ሰነድ ላይ ግን ንብረቱ ለነጮች ካልሆነ በቀር እንዳይሸጥ የሚከለክል የውል ገደብ ሰፍሮ ነበር። አንዳንድ ነጭ ነዋሪዎች ይህን ገደብ በመጥቀስ ጥቁሮቹ ቤታቸውን እንዲለቁ ክስ መሠረቱ።

ሃቲ ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው እየሰበሰቡ መከላከያውን አስተባበሩ። ጠበቃቸው ሎረን ሚለር ነበሩ። ክርክራቸው እንዲህ የሚል ነው፦ ገደቡ በግለሰቦች መካከል የተደረገ ውል ቢሆንም ፍርድ ቤት ሲያስፈጽመው የመንግሥት ድርጊት ይሆናል፤ የመንግሥት ድርጊት ደግሞ በሕግ ፊት እኩል ጥበቃን የሚያረጋግጠውን 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሊጥስ አይችልም። ዳኛው ተርመንድ ክላርክ ሰፈሩን በአካል ተመልክተው በዲሴምበር 1945 ክሱን ውድቅ አደረጉ። በውሳኔያቸውም ዳኞች ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲሸሹት እንደኖሩ አመልክተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ ገደቦች በፍርድ ቤት ሊፈጸሙ እንደማይችሉ ሼሊ ከክሬመር ጋር ባደረጉት ክርክር ወሰነ፤ በዚያ ሂደት ከተከራከሩት ጠበቆች መካከል ሎረን ሚለር ነበሩበት። በመጨረሻ ሹገር ሂልን የጎዳው የጎረቤት ክስ አልነበረም። በ1960ዎቹ የተሠራው ፈጣን መንገድ ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆ አለፈ።

የሬዲዮ ዝግጅት

ቢዩላ የተባለች የቤት ሠራተኛ ገጸ ባሕርይ በአሜሪካ ሬዲዮ ታዋቂ ስትሆን መጀመሪያ ድምፅ የሆኗት ነጭ ወንድ ተዋናይ ነበሩ። በኖቬምበር 1947 ይህን ቦታ ሃቲ ያዙ፤ በዚህም በአገር አቀፍ የሬዲዮ መረብ የራሷ ዝግጅት ያላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። ከውሉ በፊት ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ ሊጠቀስ ይገባዋል። የተሰበረና የሚያላግጥ የአነጋገር ዘዬ እንደማይጠቀሙ፣ የማይስማሙበትንም የጽሑፍ ክፍል የማስለወጥ መብት እንደሚኖራቸው በውሉ እንዲሰፍር አደረጉ። ከሙያ መብት አንጻር ሲታይ ይህ ከኦስካሩ ያላነሰ ድል ነው ማለት ይቻላል፤ ሽልማቱ ሌሎች የሰጧቸው ሲሆን ውሉን ግን ተደራድረው ያገኙት ራሳቸው ናቸው።

ዝግጅቱ ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር መጀመሪያ ኤቴል ዋተርስ ተጫወቱበት፤ ሃቲ በ1951 ተክተዋቸው ጥቂት ክፍሎችን ከቀረጹ በኋላ ጤናቸው ታወከ፤ ቦታውም ለሉዊዝ ቢቨርስ ተላለፈ።

ዕረፍት፣ ኑዛዜና የጠፋው ሰሌዳ

ሃቲ ማክዳኒኤል በጡት ካንሰር ታመው ኦክቶበር 26 ቀን 1952 ለፊልም ባለሙያዎች በተቋቋመው ሆስፒታል በ59 ዓመታቸው አረፉ። አራት ጊዜ አግብተው የነበረ ሲሆን ልጅ አልወለዱም። በኑዛዜያቸው ነጭ የሬሳ ሣጥንና ነጭ ጋርዲኒያ እንዲሆንላቸው፣ የብዙ ዝነኞች ማረፊያ በሆነው በሆሊዉድ መካነ መቃብር እንዲቀበሩም ጠይቀው ነበር። መካነ መቃብሩ ጥቁሮችን ስለማይቀብር ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፤ ሥርዓተ ቀብራቸው በሮዝዴል መካነ መቃብር ተፈጸመ። በ1999 የሆሊዉዱ መካነ መቃብር አዲስ ባለቤት አፅማቸው እንዲዛወር ፈቃደኛ ቢሆኑም ቤተሰባቸው ባለበት እንዲቆይ ስለመረጠ በምትኩ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው።

የኦስካር ሰሌዳቸውን የተናዘዙት በዋሽንግተን ለሚገኘው ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ይህ ተቋም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩበት፣ የፊልም ባለሙያው ኃይሌ ገሪማም ለረጅም ዓመታት ያስተማሩበት ነው። ሃቲ ሲሞቱ የግብር ዕዳ ስለነበረባቸው ንብረታቸው ለባለዕዳዎች ሲጣራ፣ ሰሌዳው በንብረት ዝርዝሩ ላይ ዋጋ እንደሌለው ሆኖ ተመዘገበ። እንደዚያም ሆኖ ሰሌዳው ወደ ዩኒቨርሲቲው ደርሶ በቴአትር ክፍሉ ለዕይታ ቀርቦ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ተናግረዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ከቦታው ጠፋ። ተማሪዎች በተቃውሞ ወቅት ወደ ፖቶማክ ወንዝ ጥለውታል የሚል ወሬ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ሲሆን፣ ጉዳዩን በዝርዝር መርምረው በ2011 ጥናታቸውን ያቀረቡት የሕግ ምሁር ቡርሌት ካርተር ለዚህ ማስረጃ እንደሌለው አሳይተዋል።

በ2006 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በጥቁሮች ቅርስ ተከታታይ ኅትመቱ የሃቲን ምስል የያዘ ቴምብር አወጣ። በ2010 ተዋናይት ሞኒክ በተመሳሳይ ዘርፍ ስትሸለም በጸጉሯ ጋርዲኒያ አድርጋ በመውጣት ሃቲን በስም አመስግናለች። በሆሊዉድ የዝነኞች መንገድም ለሬዲዮና ለፊልም ሥራቸው ሁለት ኮከቦች ተቀምጠውላቸዋል።

ኦክቶበር 1 ቀን 2023 የኦስካር ሽልማት ሰጪው አካዳሚ የጠፋውን የሚተካ ሰሌዳ አሠርቶ በአይራ አልድሪጅ ቴአትር በተደረገ ሥነ ሥርዓት ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስረክቧል።